ማሞግራሙ ንጹሕ ነው፤ እብጠቱ ግን አለ

(ለጤና ባለሙያዎችና ለታካሚ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የትምህርት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሚስቶቻችሁንና እህቶቻችሁን አጅባችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼም፣ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁን አመሰግናለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ጥናቶቹ የታተሙት በዚያው ስለሆነ ነው።

ወደ ራዲዮሎጂ ክፍል የሚመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብሎ ነው። ገንዘብ ያለው «ለምን ኤምአርአይ አልታዘዘልንም?» ይላል። አቅም የሌለው ደግሞ አልትራሳውንድ ሲታዘዝለት ዝቅተኛው ነገር የተሰጠው እየመሰለው ያዝናል። ሁለቱም ማሽኖቹን እንደ መኪና በዋጋ ነው የሚደረድሯቸው። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው እያንዳንዱ ማሽን የሚመልሰው ጥያቄ የተለያየ መሆኑን ነው። ጥያቄውን ሳያውቁ ማሽኑን መምረጥ አይቻልም። ይህን ካለማወቅ የሚመጣው ትልቁ አደጋ ደግሞ በርዕሱ ላይ ያለው ነው፤ አንዲት ሴት እብጠት ዳስሳ ትመጣለች፣ ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ትነሣለች፣ «ንጹሕ ነው» ትባላለች፣ እብጠቱን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለያይ። ምንም የማይሰማትን ጤነኛ ሴት በየጊዜው ጠርቶ መመርመር አንድ ሥራ ነው፤ ልየታ እንለዋለን። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም አይታ የመጣችን ሴት መመርመር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በጋዜጣና በስልካችሁ ላይ የምታነቧቸው አብዛኞቹ ቁጥሮች የመጀመሪያውን ሥራ የሚመለከቱ ናቸው። የሀብታም አገሮች የልየታ ፕሮግራም ጤነኛ ሴቶችን በቀጠሮ ይጠራል። እኛ አገር ግን አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታካሚዎቻችን የሚመጡት እብጠቱን ራሳቸው ዳስሰው፣ ብዙ ጊዜም ከቆየ በኋላ ነው። ዕድሜያቸውም ከአውሮፓ ታካሚዎች ያነሰ ነው፤ አርባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያሉም ብዙ ናቸው። ለዚህ ምክንያቱ የሕዝባችን ወጣትነት ጭምር ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ለስድሳ ዓመቷ ስዊድናዊት የተቀመረውን የምርመራ ቅደም ተከተል እንዳለ አምጥቶ ለሠላሳ አራት ዓመቷ የደብረ ብርሃን እናት ማዋል አይሠራም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670,000 ሰዎች ሞተዋል። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው ይኸው ነው። ድርጅቱ በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ካስቀመጣቸው ግቦች አንዱ ሴትየዋ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ሕመሟ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። ይህን 60 ቀን በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ማሽኖቹን ስናወዳድር ያለ እርሱ የምናወራው ሁሉ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ማሞግራፊ እንምጣ። ማሞግራፊ ራጅ ነው፤ ለጡት ተብሎ የተሠራ ራጅ። በ1913 በርሊን ውስጥ አልበርት ሰሎሞን የተባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም በቀዶ ጥገና የወጡ 3,000 ያህል ጡቶችን በራጅ አንሥተው ካንሰሩ በምስሉ ላይ ምን እንደሚመስል አጠኑ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተንቀራፈፈ። በ1950 አካባቢ ኡራጓያዊው ሐኪም ራውል ለቦርኝ ጡቱን ጫን ማድረግ ምስሉን እንደሚያጠራው፣ ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦችም የካንሰር ፍንጭ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳዩ። እስከ ዛሬ ሴቶች የሚያማርሩበት ያ መጫን ከዚያ የመጣ ነው።

ስለ መጫኑ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱን የሚነግራቸው ስለሌለ ብዙዎች ሁለተኛ አይመለሱም። ጡቱ በሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች መካከል ተቀምጦ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል። አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ በአግድም ሰያፍ ይነሣል። ሲጫን የተደራረበው ሥጋ ይዘረጋል፣ የጨረሩ መጠን ይቀንሳል፣ ሴትየዋም ስትተነፍስ ምስሉ አይደበዝዝም። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ጡት ስለሚያም ከዚያ ሳምንት ውጭ ቀጠሮ መያዝ ሕመሙን ያቀለዋል። በዚያን ቀን ብብት ላይ ዲዮዶራንት አትቀቡ፤ በውስጡ ያለው ብረት ነክ ዱቄት ምስሉ ላይ የካልሲየም ነጠብጣብ መስሎ ይወጣል።

ማሞግራፊ ተወዳዳሪ የሌለው እነዚያን ጥቃቅን ነጠብጣቦች በማየት ነው። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሱ፣ በወተት ቧንቧ ውስጥ የተደረደሩ የካልሲየም ቅንጣቶች ናቸው። ካንሰሩ ገና ከቧንቧው ሳይወጣ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ሳይኖር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በእነርሱ ነው። አልትራሳውንድ እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ አያያቸውም። በስዊድን በ1977 የተጀመረውና ላስሎ ታባር የመሩት ትልቅ ጥናት በ1985 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ማሞግራም እንዲነሡ በተጠሩት ሴቶች ዘንድ በጡት ካንሰር መሞት በ31 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ማሞግራፊ ዛሬ ያለው ክብር ከዚህ የመጣ ነው፤ ክብሩም ይገባዋል።

ድክመቱስ? በማሞግራም ላይ ስብ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ የወተት እጢና ደጋፊው ሥጋ ነጭ ይሆናል፤ ካንሰርም ነጭ ነው። ስብ በበዛበት ጡት ውስጥ ካንሰሩ ፍንትው ብሎ ይታያል። እጢው በበዛበት፣ ጥቅጥቅ ባለ ጡት ውስጥ ግን ካንሰር መፈለግ በጉም ቀን በመንዝ ተረተር ላይ ነጭ በግ እንደ መፈለግ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጡት በሽታ አይደለም፤ በተለይ በወጣት ሴቶች ዘንድ የተለመደ ነው። እጅ ሲዳስሰው የሚታወቅም አይደለም፤ በምስሉ ላይ ብቻ ነው የሚለየው። በአሜሪካ ከመስከረም 2024 ጀምሮ እያንዳንዱ የማሞግራፊ ተቋም ለሴትየዋ ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑንና አለመሆኑን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድዳል። እዚያ ያላችሁ እህቶች ያ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አትደንግጡ፣ አትጣሉትም፤ ለሐኪማችሁ አሳዩት።

በልየታ ማሞግራም ከ8 የጡት ካንሰሮች 1 ያህሉ ሳይታይ ያመልጣል። ሎቡላር የሚባለው የካንሰር ዓይነት በተለይ ተንኮለኛ ነው፤ ሕዋሳቱ ተሰባስበው እብጠት ከመሥራት ይልቅ በነጠላ ሰልፍ በሥጋው መካከል ይሾልካሉ። ስለዚህ እጅ የዳሰሰውን እብጠት «የለም» ለማለት ማሞግራም ብቻውን ሥልጣን የለውም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለታካሚም፣ ለጠቅላላ ሐኪምም፣ ለቀዶ ሐኪምም እኩል ነው የምናገረው።

ቴክኖሎጂው ቆሞ አልቀረም። ፊልም ወደ ዲጂታል ሲለወጥ ለውጡ ምን እንደሚጠቅም በአሜሪካና በካናዳ 49,528 ሴቶች ላይ የተጠናው ጥናት በ2005 ታትሟል። በጠቅላላው ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ ከ50 ዓመት በታች በሆኑና ጥቅጥቅ ያለ ጡት ባላቸው ሴቶች ላይ ግን ዲጂታሉ በለጠ። ለእኛ ሴቶች ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ አሮጌ የፊልም ማሽን በእርዳታ ሲመጣ በደስታ ከመቀበላችን በፊት ልናስብበት ይገባል። ቀጥሎ ቶሞሲንተሲስ መጣ፤ የራጁ ቱቦ በቅስት እየዞረ ብዙ ምስሎችን ያነሣል፣ ኮምፒውተሩም ጡቱን በሚሊ ሜትር ቁራጭ ቁራጭ አድርጎ ያሳያል። በ2014 የታተመና 454,850 ምርመራዎችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት፣ ቶሞሲንተሲስ ሲጨመር የተገኙት ካንሰሮች ከ1,000 ሴቶች 4.2 ከነበሩበት ወደ 5.4 ማደጋቸውን፣ ለተጨማሪ ምርመራ ተመልሰው የሚጠሩት ሴቶችም ከ107 ወደ 91 መውረዳቸውን አሳይቷል። ብዙ ጊዜ አንድ ምርመራ ብዙ ካንሰር ሲያገኝ ሐሰተኛ ማንቂያውም አብሮ ይበዛል፤ እዚህ ሁለቱም በጎ አቅጣጫ መሄዳቸው ነው የሚያስደንቀው።

እንግዲህ ወደ አልትራሳውንድ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ለአገራችን ሴት ይበልጥ የሚጠቅመው እርሱ ነው ብዬ ስለማምን።

አልትራሳውንድ ጡትን ለማየት መሞከር የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጆን ዋይልድና ጆን ሪድ ናቸው የጀመሩት። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል የሚታመነው አልትራሳውንድ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው ተብሎ ነበር፤ እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው ወይስ ድፍን? ድፍን ከሆነ ቀዶ ጥገና። በ1995 ቶማስ ስታቭሮስና ባልደረቦቻቸው ይህን ገለበጡት። 750 ድፍን እብጠቶችን አይተው፣ ምን ምን ምልክት ሲኖር አደገኛ፣ ምን ምን ሲኖር ደግሞ ጤነኛ እንደሆነ አስቀድመው ጻፉ፤ ከዚያ ሁሉንም በናሙና፣ ማለትም ከእብጠቱ ቁራጭ ወስዶ በመመርመር፣ አረጋገጡ። ከእብጠቶቹ 125ቱ ካንሰር ነበሩ፤ በምስሉ ጤነኛ ተብለው በስሕተት የታለፉት 2 ብቻ ናቸው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ምርመራው ሲደረግ እንዲህ ነው። ሴትየዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ እብጠቱ ባለበት በኩል ያለው ክንዷ ከራሷ በታች ይደረጋል፤ ትከሻዋ ሥር ትንሽ ትራስ ይገባና ጡቷ በደረቷ ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። ጄሉ ከመቀባቱ በፊት የምጠይቃት አንድ ነገር አለ፤ «እህቴ፣ እብጠቱ ያለበትን በአንድ ጣትሽ አሳዪኝ።» በእጅ መዳፍ አይደለም፤ በአንድ ጣት። የማዘዣ ወረቀቱ «ግራ ጡት» ብቻ ሊል ይችላል፤ ጣቷ ግን አይሳሳትም። መዳሰሻውን እዚያው ላይ አሳርፋለሁ። በማያው ላይ ቆዳው ከላይ ቀጭን ነጭ መስመር ነው፤ ስቡ ግራጫ፣ እጢው ነጣ ያለ፣ ከሥሩ የደረት ጡንቻ፣ ከዚያም ጥላ የሚጥሉት የጎድን አጥንቶች። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከሆነ ጥቁር ሆኖ ግድግዳው ስስ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ይደምቃል። ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ የወጣቶች እብጠት ከሆነ ሞላላ ነው፤ ጠርዙ ለስላሳ፣ ከቁመቱ ይልቅ ወደ ጎን የረዘመ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ የተኛ። ካንሰር ግን ሥርዓት አያከብርም። ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ እሾህ ያወጣል፣ በሥጋው ተፈጥሯዊ ድርድር ላይ ተቃርኖ ወደ ታች ይቆማል፤ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜም ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል። ይህን አይቼ እጄን አላነሣም፤ ወደ ብብት እወጣለሁ። ጤነኛ የብብት ንፍፊት መሐሉ ነጭ ስብ፣ ዙሪያው ስስ ጥቁር ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ያጠራጥራል። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ፣ ጨረር የሌለው ምርመራ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ የተለመደው አካሄድ ይህ ነው። እብጠት ዳስሳ የመጣችው ሴት ከ30 ዓመት በታች ከሆነች በአልትራሳውንድ ይጀመራል። ከ30 እስከ 39 ባለው ከሁለቱ በአንዱ መጀመር ይቻላል። 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነች ማሞግራም ይቀድማል፣ አልትራሳውንድ ይከተላል። «ማሞግራፊ እኛ ጋ የለም» የሚለው ግን አልትራሳውንዱን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። አልትራሳውንድ ዞን ሆስፒታል ድረስ ወርዷል፤ ማሞግራፊ ግን በጥቂት ከተሞች ተወስኗል። ከወልዲያ አዲስ አበባ ድረስ ለማሞግራም ብላ የመጣች፣ ዘመድ ቤት ያረፈች፣ ወረፋ የጠበቀች ሴት ያንን 60 ቀን ምርመራው ሳይጀመር ታጠፋዋለች። እዚያው አልትራሳውንድ ተነሥቶላት እዚያው ናሙና ቢወሰድላት ይሻል ነበር።

የአልትራሳውንድ ጉድለቱን መደበቅ ግን አይገባኝም። በመርማሪው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ማሽኑ አንድ ሆኖ ሁለት ባለሙያዎች የተለያየ ነገር ሊያዩ ይችላሉ። የነፍሰ ጡር ሆድ ለማየት የሚያገለግለው መዳሰሻ ለጡት አይሆንም፤ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው፣ ፊቱ ቀጥ ያለ መዳሰሻ ያስፈልጋል። ጤነኛ ሴቶችን በጅምላ ለመለየት ሲውል ደግሞ ሐሰተኛ ማንቂያው ይበዛል። በ2008 የታተመው፣ ከ2,800 በላይ ለጡት ካንሰር ተጋላጭ የሆኑና ጥቅጥቅ ያለ ጡት ያላቸው ሴቶችን የተከታተለው የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ አልትራሳውንድ በማሞግራም ላይ ሲጨመር ከ1,000 ሴቶች 4 ያህል ተጨማሪ ካንሰሮች ተገኙ፤ በከንቱ የተወሰደው ናሙና ግን እጅግ በዛ። ተመልከቱ፤ ያው ማሽን እብጠት ላላት ሴት ጌታ ነው፣ እብጠት ለሌላት ሴት ግን ግማሽ ጌታ።

ኤምአርአይን ሰዎች የምርመራዎች ሁሉ ንጉሥ አድርገው ያዩታል። ኤምአርአይ የሚያየው ሥጋውን ብቻ ሳይሆን የደም ሥሩን ሥራ ነው። ካንሰር ሲያድግ አዳዲስና የሚያፈሱ የደም ሥሮችን ይሠራል። በክንድ በኩል ጋዶሊኒየም የሚባል ማድመቂያ ሲሰጥ ካንሰሩ ቶሎ ይደምቃል፣ ብዙ ጊዜም ቶሎ ይደበዝዛል። ካንሰርን ባለማሳለፍ ረገድ የሚስተካከለው የለም። በኔዘርላንድ በዘር ምክንያት ለጡት ካንሰር የተጋለጡ 1,909 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2004 በታተመ ጥናት፣ ወደ ጎረቤት ሥጋ የዘለቁ ካንሰሮችን ማሞግራም 33.3 በመቶውን ሲያገኝ ኤምአርአይ 79.5 በመቶውን አግኝቷል። ቢአርሲኤ የሚባለው፣ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው የዘር ለውጥ ላለባት ሴት ኤምአርአይ ቅንጦት አይደለም። ንፍፊቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ጡቷ ውስጥ ምንጩ ለጠፋ ሴት፣ ከቀዶ ጥገና በፊት የተሰጠው ኬሞቴራፒ ምን ያህል እንደሠራ ለማየት፣ የተገጠመ ሲሊከን መቀደዱን ለማወቅም ተመራጭ ነው።

ችግሩ ኤምአርአይ ብዙ ጤነኛ ነገርንም ማድመቁ ነው። ሆርሞን እንኳ ምስሉን ይለውጠዋል፤ የወር አበባ የምታይ ሴት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንድትነሣ የሚመከረው ለዚህ ነው። ጥርት ያለ ምስል ሁልጊዜ የተሻለ ሕክምና ያመጣል ብለው ለሚያስቡ ደግሞ የብሪታንያው ጥናት አለ። ካንሰራቸው የታወቀ 1,623 ሴቶች ግማሾቹ ከቀዶ ጥገናቸው በፊት ኤምአርአይ ተነሡ፣ ግማሾቹ አልተነሡም። በ2010 ውጤቱ ሲወጣ፣ በድጋሚ ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸው ሴቶች በሁለቱም ወገን 19 በመቶ ነበሩ። ለጡት ኤምአርአይ ሴትየዋ በሆዷ ተኝታ ጡቶቿ ወደ ታች የሚወርዱበት ልዩ የጡት መቀበያ እንደሚያስፈልግም ልብ በሉ። ሆስፒታሉ ኤምአርአይ አለው ማለት የጡት ኤምአርአይ ይሠራል ማለት አይደለም። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁ።

በሁለቱ መካከል የመጣ አዲስ አማራጭ አለ፤ በማድመቂያ የሚነሣ ማሞግራም። ለሲቲ ስካን የምንጠቀምበት አዮዲን ያለበት ማድመቂያ በደም ሥር ይሰጥና ማሞግራሙ በሁለት ዓይነት የጨረር ጉልበት ይነሣል፤ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ደም የበዛበት ቦታ ብቻ ይቀራል። የኤምአርአይን ሐሳብ በማሞግራፊ ማሽን ላይ መሥራት ማለት ነው። በ2025 ብሪታንያ ውስጥ ታትሞ የወጣው ብሬይድ የተባለ ጥናት፣ ጥቅጥቅ ያለ ጡት ኖሯቸው ማሞግራማቸው ንጹሕ የተባሉ ሴቶችን መርምሮ፣ ይህ ዘዴ ከ1,000 ምርመራ 19.2 ካንሰር ሲያገኝ፣ አጠር ያለው ኤምአርአይ 17.4፣ በራሱ የሚንቀሳቀሰው አልትራሳውንድ ደግሞ 4.2 ማግኘታቸውን አሳይቷል። ንጹሕ ከተባሉት መካከል የተገኙ መሆናቸውን አትርሱ። እኔ እንደማስበው፣ ወደፊት አገራችን ዲጂታል ማሞግራፊ በምትገዛበት ጊዜ ይህን መሥራት የሚችለውን ብትመርጥ ለጡት ብቻ ኤምአርአይ ከማሳደድ ያዋጣታል። ማድመቂያው አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ ኩላሊት የደከመባትም ሴት ጥንቃቄ ያስፈልጋታል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። የእብጠቱን ጥንካሬ የሚለካው ኢላስቶግራፊ ለአልትራሳውንዱ ጥሩ ረዳት ነው፤ ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም። በሙቀት ካሜራ ጡትን አንሥተን ካንሰር እንለያለን የሚሉ ቦታዎች አሉ፤ ቴርሞግራፊ የማሞግራምን ቦታ እንደማይተካ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ገብቶበታል፤ ስዊድን ውስጥ ከ80,000 በላይ ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት የራዲዮሎጂስቶቹን የንባብ ሥራ በ44 በመቶ ቀንሶታል። ነገር ግን የተፈተነው ልየታ ላይ ነው፤ እብጠት ዳስሳ ለመጣችው ሴት ጉዳዩ ሌላ ነው።

ምስሉ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ሪፖርቱ ላይ ባይራድስ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ1993 ያወጣው መግባቢያ ነው። 1 እና 2 ጤነኛ ናቸው። 3 ማለት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ የማይበልጥ ስለሆነ በ6 ወር እንየው ማለት ነው። 4 ናሙና ይወሰድ ማለት ነው፤ ክልሉ ሰፊ ስለሆነ ይከፋፈላል፤ 4ኤ ከ2 እስከ 10 በመቶ፣ 4ቢ ከ10 እስከ 50፣ 4ሲ ከ50 እስከ 95። 5 ከ95 በመቶ በላይ ነው። 0 የሚል ከተጻፈ ምርመራው አላለቀም፣ ተጨማሪ ምስል ያስፈልጋል ማለት ነው፤ «ዜሮ ነው፣ ምንም የለም» ብሎ ደስ ብሎት የሚሄድ ሰው ስለማያጣ ነው የማነሣው። 4ኤ የተባለች ሴት ስታለቅስ፣ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ዕድል ካንሰር አለመሆኑ እንደሆነ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። 3 የተባለችው ደግሞ የስድስት ወሩን ቀጠሮ መርሳት የለባትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚፈርደው መርፌው ነው። ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው፤ የሐኪሙ ዳሰሳ፣ ምስሉና ናሙናው። ዳሰሳው ያጠራጥራል፣ ምስሉ ያጠራጥራል፣ ናሙናው ግን «ጤነኛ» ይላል እንበል፤ ይህ ምሥራች ሳይሆን አለመስማማት ነው፤ ናሙናው ይደገማል። በአገራችን በብዛት የሚሠራው በቀጭን መርፌ ሕዋስ መምጠጥ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን ካንሰሩ ከቧንቧው ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለውን አይለይም። ኮር የሚባለው ወፈር ያለ መርፌ ግን ክር የመሰለ ሙሉ ቁራጭ ሥጋ ያወጣል። በማደንዘዣ ይሠራል፤ መርፌው ሲተኮስ እንደ ስቴፕለር ቀጭ የሚል ድምፅ ስላለው ለሴትየዋ አስቀድመን እናሰማታለን፣ እንዳትደነግጥ። ቁራጩ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢበዛ 72 ሰዓት ይቆያል። ከዚህ ካለፈ የሆርሞን መቀበያዎቹ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል፤ ታሞክሲፊን የተባለው ሆርሞንን የሚያግደው መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው ደግሞ በዚያ ምርመራ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ የተወሰደን ናሙና ቤተ ሙከራው እስከ ማክሰኞ ሳያነሣው ቢቀር የሚሊዮኖች ብር ማሽን ያገኘው ካንሰር በአንድ ጠርሙስ ይበላሻል።

«ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። መርፌው ካንሰሩን ወደ ሰውነት ሁሉ አይበትነውም። ሰዎች ይህን የሚሉት ዘግይተው የመጡ፣ አስቀድሞም የተሠራጨባቸው ታካሚዎች ናሙና ከተወሰደላቸው በኋላ ሲሞቱ ስላዩ ነው፤ የገደላቸው መዘግየቱ ነው። ጠበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ናሙናውን ግን ጠበሉ እስኪያልቅ አታቆዩት።

ከተሰብሳቢዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ከነመልሳቸው ላስፍር።

አንዲት እናት የማሞግራሙ ጨረር ራሱ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ጠየቁ። የሁለቱም ጡቶች ማሞግራም 0.4 ሚሊ ሲቨርት ያህል ጨረር ነው፤ ከአፈርና ከሰማይ በ7 ሳምንት ውስጥ በተፈጥሮ ከሚደርሰን ጋር ይመጣጠናል። እብጠት ላላት ሴት ይህ ስጋት ሚዛን አይደፋም።

አንድ ወንድም ወንድ የጡት እብጠት ሲያገኝ ምን ያድርግ አለ። ከጡት ካንሰሮች 1 በመቶ ያህሉ በወንዶች ላይ ነው። የወንድ ጡት በማሞግራምም በአልትራሳውንድም ይታያል። በአብዛኛው የሚገኘው የእጢ ማበጥ ነው፤ ከጡት ጫፉ ራቅ ያለ፣ ጠንካራ፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለ እብጠት ግን ያለ ናሙና አይታለፍም።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሣችው የስድስት ወር ልጅ ያላት ሴት ናት፤ እያጠባች እብጠት ዳስሳለች፣ «ወተት ተቋጥሮ ነው» ተብላ ሁለት ወር ቆይታለች። ወተት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወተት ነው ብሎ የሚወስነው ግምት ሳይሆን አልትራሳውንድ ነው፤ የሚጀመረውም በእርሱ ነው። ካስፈለገ ማሞግራምም ይነሣል፣ ናሙናም ይወሰዳል፤ ማጥባት ሁለቱንም አይከለክልም። ናሙናው በተወሰደበት ቦታ አልፎ አልፎ ወተት ሊያፈስ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል። ማጥባትሽን አታቋርጪ። ወደ ምርመራ ክፍሉ ከመግባትሽ በፊት ልጅሽን አጥቢው ወይም ወተቱን አልቢው፤ ጡቱ ባዶ ሲሆን ምስሉም ይጠራል፣ ምርመራውም አያምሽም። ቀጠሮውንም ለዚህ ሳምንት አስይዢ።